ስለ ቦክሰኞቹ የጻፋችሁት አልተዋጠልኝም

ለተከበረው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን ከኋላ ጀምሬ ነው የማነበው፣ መጀመሪያ ስፖርት ከዛ ማስታወቂያ ከዛ ሰዓት ከተረፈኝ ፖለቲካ፣ እና ባለፈው ሰሞን ትልቅ ቦታ ይደርሳሉ ተብለው መንገድ ላይ ስለቀሩ ቦክሰኞች ያወጣችሁትን ሱቄ ቁጭ ብዬ ሁለቴ አነበብኩት። ስለ ቦክስ መጻፋችሁ ራሱ ደስ ይላል፣ እዚህ አገር ከአርሰናልና ከማንቼ የተረፈ ቦታ ካለ ለሩጫ ነው የሚሰጠው። ግን ቅር ያለኝ ነገር አለ። የጠቀሳችኋቸው ሰዎች በሙሉ መጨረሻ ላይ ያው አንድ ታፔላ ተለጥፎባቸዋል፣ ጠጣ፣ ሴት አበዛ፣ ልምምድ ተወ፣ ራሱን ጣለ። እኔ በልጅነቴ አራት ዓመት ጓንት ያጠለቅኩ ሰው ነኝ፣ የትም አልደረስኩም፣ የት እደርሳለሁ ብሎ ያሰበም አልነበረም፣ ግን የሚደርሱትን በቅርብ አይቻለሁ እና ነገሩ እናንተ እንዳላችሁት አይደለም።

ለምሳሌ ሜልድሪክ ቴይለርን በአንዲት አረፍተ ነገር ነው ያለፋችሁት፣ በቻቬዝ ከተሸነፈ በኋላ ሞራሉ ወድቆ ጠፋ ብላችሁ። ኧረ በፈጠራችሁ! ያን ፍልሚያ እኔ ያየሁት በኛ አቆጣጠር በ80ዎቹ አጋማሽ ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ውስጥ ነው፣ በሃምሳ ሳንቲም፣ ካሴቱ ከመደጋገሙ የተነሳ መሃል ላይ በረዶ እየጣለ፣ ከዛ በኋላ ደሞ በስልኬ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም። እ.ኤ.አ. መጋቢት 17 ቀን 1990 (ከዚህ በኋላ የምጠራው ዓመትና ወር ሁሉ በፈረንጅ ነው)፣ ላስ ቬጋስ ሂልተን። ቴይለር የፊላደልፊያ ልጅ ነው፣ 23 ዓመቱ፣ አንድም ጊዜ ያልተሸነፈ፣ እጁ የሚፈጥነው ነገር ካሜራው እንኳ የሚያመልጠው። ከፊቱ ያለው ሁሊዮ ሴሳር ቻቬዝ ነው፣ ሜክሲኮ እንደ ታቦት የምታየው ሰው፣ እሱም ያልተሸነፈ፣ ስልሳ ምናምን ፍልሚያ ያሸነፈ።

እና ልጁ ቻቬዝን አስተማረው እኮ። ሁለት ሶስት አራት እየመታ ይሽከረከራል፣ ቻቬዝ አንዴ ነው የሚመልሰው። ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁላችንም ቴይለር፣ ቴይለር እያልን ነበር፣ ሰው ሲቆጥር የሚቆጥረው የቡጢ ብዛት ነውና። አንድ ጥግ ላይ ሁሌ የሚቀመጥ ጋራዥ የሚሰራ ሽማግሌ ግን ነበር፣ በስድስተኛው ይሁን በሰባተኛው ዙር ላይ "ልጁ ደም እየዋጠ ነው" አለ። ማን ሰማው። ዛሬ ሳየው የማየው ያንን ብቻ ነው፣ አፉን፣ ከዙር ዙር ፊቱ እንዴት እንደሚያብጥ፣ አስር መትቶ አንድ ሲቀበል ያቺ አንዷ እንዴት እንደምታዘገየው።

አስራ አንድ ዙር አልቆ ከሶስቱ ዳኞች ሁለቱ ለቴይለር ሰጥተዋል፣ አንዱ 107 ለ 102፣ ሌላኛው 108 ለ 101፣ ሶስተኛው በአንዲት ነጥብ ለቻቬዝ። ማለት መጨረሻው ዙር ላይ እየሮጠ ቢያልፍ፣ ቢታቀፍ፣ ገመዱን ይዞ ቢዞር፣ ቢወድቅ እንኳ ተነስቶ ቢቆም ያሸንፋል። ኮርነሩ፣ ጥጉ ላይ ያሉት የራሱ ሰዎች ማለት ነው፣ ግን ምን አለው፣ ይሄ ዙር ያስፈልግሃል ብሎ ነው የላከው። ሄደ፣ ተማታ፣ ደከመ፣ እና ሊያልቅ ሃያ ሰከንድ እንኳ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ የቻቬዝ ቀኝ አገኘችው። ወደቀ፣ ተነሳ፣ ዳኛው ሪቻርድ ስቲል ደህና ነህ ወይ ብሎ ሲጠይቀው አልመለሰም፣ ዓይኑ ወደ ጥግ ነው፣ ጥጉ ላይ ደሞ የራሱ ሰው ሉ ዱቫ ወደ ሪንጉ ጠርዝ ወጥቶ እየጮኸ ነው። ስቲል እጁን አወዛወዘ፣ ጨዋታው ተቋረጠ። የቀረው 2 ሰከንድ።

እኛ ቪዲዮ ቤቱን ልናፈርሰው ነበር። ዳኛው ተገዝቷል፣ ሌባ፣ ምን ያላልነው አለ። እኔም ለስንት ዓመት እንደዛው ነበር የማምነው፣ አሁን ግን ስቲል ልክ ነበር ባይ ነኝ፣ ማይስማማ ካለ ይጻፍ። ዓለም ስለ እነዛ 2 ሰከንዶች ከሰላሳ ዓመት በላይ ተከራከረ፣ ከዛ በፊት ስላለው 35 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ ግን የሚያነሳ የለም፣ ልጁ የጠፋው እኮ እዛ ውስጥ ነው። ሆስፒታል ሲገባ ዓይኑ አካባቢ ያለው አጥንት ተሰብሯል፣ ኩላሊቱ ተጎድቷል፣ የዋጠው ደም ብዙ ነው። ይሄ ሁሉ እየመራ ነው የደረሰበት፣ እየመራ!

ሞራሉ ወደቀ ያላችሁትም አይሆንም፣ ምክንያቱም አስር ወር ገደማ ቆይቶ፣ ጥር 1991 ላይ፣ ክብደት ጨምሮ አሮን ዴቪስን አሸንፎ ሌላ የሻምፒዮንነት ቀበቶ ወስዷል። ሞራሉ የወደቀ ሰው ቀበቶ አይወስድም። ሰውም ድኗል አለ፣ ፕሮሞተሩም ድኗል አለ። ከዛ 1992 ላይ ከሱ በላይ የሚመዝነውን ቴሪ ኖሪስን እንዲገጥም ተደረገ፣ በአራተኛው ዙር ተዘረረ፣ እዛው ዓመት ለንደን ላይ ቀበቶውን ለክሪሳንቶ ኤስፓኛ አስረከበ፣ 1994 ላይ ደሞ ቻቬዝን መልሰው አገናኙት። ለምን? ቲኬት ስለሚሸጥ። እስከ 2002 ድረስ ሲፋለም ነበር፣ ንግግሩ ከተሳሰረ በኋላም ማለት ነው። ይሄን ሁሉ የሚፈቅድ ኮሚሽን አለ፣ የሚፈርም ዶክተር አለ፣ ፐርሰንቱን የሚወስድ ማናጀር አለ፣ እና እኛ ራሱን ጣለ እንላለን።

ይሄን ካየሁ በኋላ አንድ አመል ያዘኝ፣ የማንኛውም ቦክሰኛ ሪከርድ ሳይ የተሸነፈበትን ትቼ ያሸነፈበትን ነው የምፈልገው። እንዴት አሸነፈ? ስንት ቡጢ በልቶ አሸነፈ? የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን የነበረውን ሪዲክ ቦዌን ውሰዱ፣ እናንተ ሆዳም ነው ብላችሁ ስቃችሁበታል። ሆዳም ነበር፣ አልከራከርም። የወቅቱን ሻምፒዮን ሆሊፊልድን ህዳር 1992 ላይ ሲያሸንፍ 235 ፓውንድ ነበር፣ በዓመቱ ተመልሶ ሲገጥመው 246፣ ያቺ አምስት ኪሎ ቀበቶውን አስወሰደችው፣ በፕሮፌሽናል ህይወቱም የተሸነፈው እሷኑ አንዴ ነው። እና ሪከርዱን ብቻ ያየ ሰው 43 አሸንፎ 1 ተሸነፈ ብሎ ያልፋል። ከ43ቱ ውስጥ ግን ሁለቱ የጎሎታ ናቸው። 1996 ላይ ፖላንዳዊው አንድሩ ጎሎታ ሁለቴ ቀጠቀጠው፣ በሐምሌው በታህሳሱም፣ ሁለቱንም ጊዜ በነጥብ እየመራ ከወገብ በታች እየመታ በዳኛ ተባረረ። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ አሸናፊው ቦዌ ነው። ከሁለተኛው በኋላ ሲናገር ስሙት፣ ቃላቱ ይያያዛሉ። ያኔ 29 ዓመቱ ነው። ከዛ ተነስቶ ደሞ ባህር ሃይል እግረኛ ልሁን ብሎ ገባ፣ በቀናት ውስጥ ወጣ፣ ሰው ሁሉ ሳቀበት። እኔ አልሳቅኩም፣ ጭንቅላቱ የተመታ ሰው የሚያደርገውን ነገር ስለማውቅ።

ናይጄሪያዊው አይክ ኢቢያቡቺም እንደዛው። ሰኔ 1997 ላይ ሳክራሜንቶ ውስጥ ከዴቪድ ቱዋ ጋር የተጋጠመውን ያላየ ሰው ካለ ይፈልግና ይይ፣ ሁለት ከባድ ሚዛኖች 12 ዙር ሙሉ ሳያቆሙ፣ በአንድ ላይ 1,730 ቡጢ ሰነዘሩ፣ ለከባድ ሚዛን ሪከርድ ነው። ኢቢያቡቺ በነጥብ አሸነፈ፣ ቀጣዩ ሻምፒዮን እሱ ነው ተባለ። ከዛ ምሽት በኋላ ራሴን ያመኛል ይል ጀመር። ወራት ሳይቆይ የቀድሞ ፍቅረኛው የወለደችውን የ15 ዓመት ልጅ መኪና ውስጥ ይዞ ከኮንክሪት ምሰሶ ጋር ተላተመ፣ ልጁ ክፉኛ ተጎዳ። 1999 ላይ ክሪስ በርድን በአምስተኛው ዙር ዘረረ፣ እዛው ዓመት ላስ ቬጋስ ውስጥ ሴት ላይ ጥቃት አድርሰሃል ተብሎ ተይዞ ዘብጥያ ወረደ፣ 20 አሸንፎ አንድም ሳይሸነፍ ታሰረ። ለሱ ሰበብ እያበጀሁለት አይደለም፣ ሴትየዋም ሰው ናት ያ ልጅም ሰው ነው። የኔ ጥያቄ ከቱዋ ፍልሚያ ማግስት ራሱን ሲያመው ምን ዓይነት ሰዎች ነበሩ በዙሪያው የሚለው ነው፣ ቀጣዩን ቀጠሮ የሚይዙ ናቸው ወይስ ቁጭ በል የሚሉት?

ስለ ክብደት ደሞ ጭራሽ አልጻፋችሁም። ዶናልድ ከሪ፣ የቴክሳስ ፎርት ወርዝ ልጅ፣ ታህሳስ 1985 ላይ ሚልተን መክሮሪን በሁለተኛው ዙር ሲዘርረው በዓለም ላይ ከሱ የሚበልጥ ቦክሰኛ የለም የሚሉ ብዙ ነበሩ። አስር ወር ሳይሞላ አሜሪካ ውስጥ ብዙም የማይታወቅ ሎይድ ሃኒጋን የሚባል እንግሊዛዊ መጥቶ ስድስት ዙር ደበደበውና ቁጭ አደረገው። እንዴት ሆነ? ሰውዬው 147 ፓውንድ መግባት አቅቶት ነበር፣ 66 ኪሎ ከምናምን ማለት ነው፣ አካሉ አድጓል፣ ግን ቀበቶዎቹና ገንዘቡ ያሉት እዛ ኪሎ ላይ ነው።

ይሄን ለማያውቅ ሰው ኪሎ መጣል ማለት ትንሽ ምሳ መቀነስ ይመስለዋል። እኔ 60 ኪሎ ነበርኩ፣ ማለት 60 ኪሎ እንድሆን ይፈለግ ነበር። የውድድር ዋዜማ ላይ ላስቲክ ሰውነታችን ላይ ጠቅልለን፣ ከላይ ሹራብ፣ ከዛ ላይ ጃኬት፣ ቀን በጸሃይ ዳገት እንሮጣለን። ማታ ውሃ የለም፣ ማስቲካ እያኘክን ፌስታል ውስጥ እንተፋለን፣ ምራቅም ክብደት ነዋ! ጠዋት ሚዛን ላይ ስወጣ እግሬ ይንቀጠቀጣል፣ እናቴ ሽሮ ሰርታ በሳህን ይዛ ውጭ ቆማለች፣ ሚዛን እንዳለፍኩ እንድበላ። ደርቀህ ከወጣህ በኋላ ምንም ብትጠጣ ጭንቅላትህ ቶሎ አይመለስም፣ ጃብ፣ ያቺ ቀለል ያለች ቀጥታ ቡጢ፣ ስትቀበል ደወል ነው የሚመስለው። እና እኔ ሶስት ዙር ነው፣ ከሪ ከአስር በላይ ዙር ሊያደርግ ነው የሚገባው።

ሌላ ያልነካችሁት ነገር፣ ብዙ ሳልሄድበት ላንሳው። ከሪ 1980 ላይ ለሞስኮ ኦሎምፒክ ተመርጦ አሜሪካ ስላልሄደች ቤቱ ቀርቷል። የኛዎቹ ደሞ ሞስኮ ሄደው ምሩጽ ሁለት ወርቅ ያመጣበት ጊዜ ነው። በ1984 ተገላበጠ፣ ቴይለር በ17 ዓመቱ ሎስ አንጀለስ ላይ በፍጻሜው ናይጄሪያዊውን ፒተር ኮንየግዋቺን አሸንፎ ወርቅ ሲያጠልቅ እኛ ቀርተናል፣ ኩባም ቀርታለች። 1976 ሞንትሪያል አልሄድንም፣ 1984 አልሄድንም፣ 1988 ሴኡል አልሄድንም። ስለ ሯጮቻችን ሲሆን ይሄ ይወራል፣ በላይነህ ዲንሳሞ የዓለም ሪከርድ ሰብሮ በዛው ዓመት ኦሎምፒክ እንዳለፈው ሁሉም ያውቃል። በዛን ዘመን ጓንት ይዘው የቀሩትን ግን ማን ጠየቀ? እናንተ አርካይቭ ያላችሁ ሰዎች ናችሁ፣ የፖሊስ የጦር ሰራዊት የማረሚያ ቤት ክለቦች ውስጥ የነበሩ አዛውንቶች አሁንም ቡና ሲጠጡ ይገኛሉ፣ ሂዱና ጠይቋቸው፣ የአሜሪካኖቹን ታሪክ ማንም ኢንተርኔት ላይ ያገኘዋል።

ናሲም ሃመድንም ከባከኑት ውስጥ ጨምራችሁታል፣ እዚህ ላይ ትንሽ ሳቄ መጣ። የመናዊ ወላጆች ያሉት የሼፊልድ ልጅ ስለሆነ ሰፈራችን ውስጥ የየመን ዘመድ ያለው ሁሉ የኔ ነው ይለው ነበር፣ ገመዱን በግልባጭ ዘሎ ሪንግ ውስጥ ሲገባ ስንት ልጅ ሊሞክረው ብሎ ክንዱን ሰብሯል። በ21 ዓመቱ ሻምፒዮን ሆነ፣ ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ያሳደገውን አሰልጣኝ ብሬንዳን ኢንግልን ተለየ፣ 2001 ላይ ማርኮ አንቶኒዮ ባሬራ እንደ ተማሪ ቤት ልጅ አድርጎ አስቆጠረው፣ ከዛ አንዴ ብቻ ተጫውቶ በ28 ዓመቱ ተወው። 36 አሸንፎ 1 ተሸነፈ። እሺ ሰንፏል፣ ልምምድ ጠልቷል፣ እንደ ቦክሰኛ መድረስ የሚገባው ቦታ አልደረሰም፣ እኔም ያኔ ተናድጄበታለሁ። ግን ዛሬ ሲናገር ቃሉ ጥርት ያለ ነው፣ ገንዘቡም አለ፣ ልጆቹንም አሳድጓል። ቴይለር ቀጠለ፣ ሃመድ አቆመ። ባከነ የሚለውን ቃል ለየትኛው እንደምሰጠው እኔ በበኩሌ ግራ ይገባኛል።

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልምጣ፣ እውነቱን ለመናገር ይሄን ደብዳቤ የጻፍኩት ለሱ ስል ነው።

እኛ ጋ አንድ ልጅ ነበር። ስሙን አልጽፍም፣ አልፈቀደልኝም። ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ነበር የምንሰራው፣ ሃያ ልጅ ለሁለት ጥንድ ጓንት፣ ጆንያ ውስጥ ሰጋቱራና አሸዋ ሞልተን ጣሪያው ላይ አንጠልጥለን፣ አሸዋው ወደ ታች ስለሚወርድ ታችኛው ክፍል እንደ ድንጋይ ነው፣ ወደ ሆድ መምታት የተማረ ልጅ ሁሉ አውራ ጣቱን አጥቷል። ይሄ ልጅ ግራኝ ነው፣ ቀጭን፣ ፋሻ የሚያስረው ከእናቱ ያረጀ ነጠላ ቀዶ ነው። ከሱ ጋር ስፓሪንግ፣ የልምምድ ፍልሚያ ማለት ነው፣ ስገባ ቡጢውን አላየውም ነበር፣ ደርሶብኝ ነው የማውቀው። አሰልጣኛችን፣ ነፍሱን ይማር፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነበር፣ ይሄን ልጅ ሲያይ ግን ሲጋራውን ይረሳው ነበር።

ክለብ ወሰደው፣ የትኛው እንደሆነ ይቅር። አንድ ውድድር ላይ በስድስት ቀን ውስጥ ሶስቴ ተጫወተ። ሶስተኛው ፍጻሜ ነው፣ ከሱ የሚረዝም ልምድ ያለው ሰውዬ ገጠመው፣ በሁለተኛው ዙር ጆሮው አካባቢ የተመታትን አንዷን እኔ ከተቀመጥኩበት ሰማኋት፣ ድምጿ የተለየ ነበር። አልወደቀም። በሶስተኛው ዙር ተነስቶ ሰውየውን ገመድ ለገመድ አዟዟረው፣ በነጥብ አሸነፈ፣ ተሸክመነው ወጣን። ያን ማታ ጠጅ ቤት ወስደነው እሱ ብርዝ ይዞ ቁጭ አለ፣ ራሴን እያለ። ፓናዶል ገዛንለት። በሶስተኛው ሳምንት እንደገና ሪንግ ውስጥ ነበር፣ አሸናፊ ነዋ፣ አሸናፊ ማን ያሳርፋል።

ከዛ በኋላ ሁለት ዓመት ተጫውቷል፣ ግማሹን አሸንፏል፣ ቡጢውን ግን እያየሁት መጣሁ፣ ገብቷችኋል? እኔ ማየት ከቻልኩ ሌላውማ። ክለቡ ሸኘው። ሰው ጠጣ አለ። ሰፈሩ ዛሬም ጠጣ ነው የሚለው፣ ሲራመድ ትንሽ ስለሚያዘነብል፣ ቃሉ ስለሚጎተት፣ ጠዋት ሱቄ ሲመጣ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ። ቡና ሳስቀርብለት ስኒዋን በሁለት እጁ ነው የሚይዛት፣ እኔም ሞልተሽ አትቅጂለት እላለሁ ልጅቷን። ጠላ እንኳ የማይቀምስ ሰው ነው፣ በሃይማኖቱም አይጠጣም በፊትም አይጠጣም ነበር፣ አንድ ቀን ፖሊስ እንኳ ሰክረሃል ብሎ ወስዶት ሄጄ ነው ያስወጣሁት። የናንተን ጽሁፍ ያነበብነው አብረን ነው። ጠጣ የሚለው ቦታ ላይ ስንደርስ "እኔንም ጽፈውኛል እንዴ" አለኝና ሳቀ።

የምጠይቃችሁ ነገር ከባድ አይደለም። የአገር ውስጥ የቦክስ ውድድር ስትዘግቡ እገሌ በ57 ኪሎ አሸነፈ ብላችሁ አትለፉት፣ ከዛ በፊት መቼ እንደተጫወተ ጠይቁ፣ ሪንጉ አጠገብ ሐኪም ነበር ወይ በሉ፣ ጠዋት ሚዛን ላይ ሲወጣ ሂዱና እዩት፣ በዝረራ የተሸነፈ ልጅ ስንት ቀን እንዳረፈ ጻፉ። ያሸነፈውንም ጭምር። እናንተ ከጠየቃችሁ ክለቡም ይጠነቀቃል፣ ማንም ጠያቂ ስለሌለ ነው እንጂ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ያ የፍጻሜ ቀን፣ ተሸክመነው ስንወጣ፣ በር ላይ አንድ ፎቶ አንሺ ነበር፣ ቡናማ ጃኬት የለበሰ፣ አንስቶናል፣ ሳምንት ተመለሱ ብሎን ብሩን ስላልሞላን ሳንወስደው ቀረን። ሰላሳ ዓመት ሊሆነው ነው። ግራኝ ልጅ ትከሻ ላይ ተቀምጦ አንድ እጁ ላይ ገና ነጭ ፋሻ ያለበት ፎቶ አሮጌ ሳጥን ውስጥ ያለው ሰው ካለ፣ በዝግጅት ክፍሉ በኩል ቢያሳውቀኝ መጥቼ እወስዳለሁ፣ የፎቶውን ብር አሁን እከፍላለሁ።

የድሮ 60 ኪሎ፣ ከአዲስ አበባ